እናሠራት ወይስ እንለውጣት?



ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 አንድ ሐሙስ ምሽት ነው። መግሪብን ሰግደን፣ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ አንዲት የአገራችንን ሰው ከሁለት ልጆቿና ከሻንጣዎቿ ጋር ጭነን፣ 395 በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ አሌክሳንድሪያ ስንጓዝ፣ ሴሚናሪ ሮድ መውጫ ሳንደርስ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን ቦግ አለች። በመካከሏ ቃለ አጋኖ አለ። ወዲያው ከኋላ ወንበር ጎን እንደ ፀጉር ማድረቂያ የሚጮህ ድምፅ ተነሣ፤ መኪናዋም እንደ ደከመ በቅሎ ወደኋላ ማለት ጀመረች። እናትየዋ «ልጆቼን ላውርዳቸው እንዴ?» ብላ ጠየቀችን። «አይዞሽ እህታችን፣ እናደርስሻለን» አልናት። አልሐምዱሊላህ፣ አደረስናት። ወደ ቤት የተመለስነው ግን በቀኙ መሥመር እየዳኸን፣ ከኋላችን የሚመጣው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋብን ነበር።

መኪናችን የ2012 ሞዴል ቶዮታ ፕሪየስ ናት። በ2018 መጀመሪያ 98,000 ማይል ሄዳ ሳለ ገዛናት፤ በዚያች ምሽት 229,000 ማይል ላይ ደርሳ ነበር። ይህም ወደ 368,000 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ መኪናችን ዓለምን ዘጠኝ ጊዜ ዞራለች ብለን ለልጆቻችን ስንነግራቸው ትንሹ «ታዲያ መካን ስንት ጊዜ አለፈች?» ሲል ጠይቆናል።

እኛ በአዘቦቱ ቀን ሒሳብ እናስተምራለን፤ ቅዳሜና እሑድ የሠፈሩን ልጆች እናስቀራለን። የመምህር ደመወዝ የቤት ኪራዩንና የአራት ልጆችን ወጪ ስለማይችል፣ ማታ ማታ በዚህችው መኪና መንገደኛ እናመላልሳለን። ስለዚህ ያቺ ቀይ ምልክት ለእኛ የመኪና ጉዳይ ብቻ አልነበረችም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነበረች። ከዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከአሌክሳንድሪያም ሆነ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጁሙዓ ሰግደው ሲወጡ ቁልፋቸውን ይዘው ወደ እንዲህ ዓይነቷ መኪና የሚሮጡ ወንድሞች ብዙ ናቸው። «ኡስታዝ፣ የኔዋ 200,000 አለፈች፤ ላሠራት ወይስ ልጣላት?» የሚለውን ጥያቄ በመስጊድ በር ላይ ስንት ጊዜ እንደሰማነው አንቆጥረውም። መካኒክ አይደለንም። ነገር ግን በራሳችን ላይ ደርሶ ያየነውን ለመናገር መካኒክ መሆን አያሻም።

ሁለት ልብ ያላት መኪና

ለመሆኑ ሃይብሪድ የምትባለው መኪና ከሌላው በምን ትለያለች? ቶዮታ ፕሪየስን በጃፓን ለገበያ ያወጣው በዲሴምበር 1997 ሲሆን፣ አሜሪካ የገባችው በ2000 ነው። የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አብረው ይነዷታል። ፍሬን ሲያዝ የኤሌክትሪኩ ሞተር ተገላብጦ ኤሌክትሪክ ያመነጭና ትልቁን ባትሪ ይሞላል። በዚህም የተነሣ የፍሬኗ ሸራ ቶሎ አያልቅም። አገር ቤት ሳለን ጋራዥ ደጃፍ ስማቸውን ስንሰማቸው ያደግናቸው ዕቃዎች ከእነሞተሪኖው፣ ዲናሞውና ፍሪሲዮኑ በዚህች መኪና ውስጥ የሉም። በእኛዋ ሞዴል ቺንጋ እንኳ የለም። ካምቢዮዋም ጥርስ የሚቀያይር ሳይሆን ሁለቱን ሞተሮች የሚያስማማ አንድ የጥርስ ቤት ነው። የሌለ ዕቃ አይበላሽም፤ ብዙ ማይል የምትሄድበት አንዱ ምሥጢር ይኸው ነው።

ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የሚባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት በ2011 ከ200,000 ማይል በላይ የሄደች የ2002 ሞዴል ፕሪየስ አግኝቶ ፈትኗት ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት አዲሷን ሲፈትን ካገኘው ጋር ሲያስተያየው የነዳጅ ፍጆታዋ እምብዛም አልተለወጠም። ስለዚህ «200,000 ከሞላች አበቃላት» የሚለው የሠፈር ወሬ ነው።

የማያረጅ ነገር ግን የለም። በእኛዋ ሞዴል ውስጥ ያለው ትልቁ ባትሪ ኒኬል-ሜታል ሃይድራይድ የሚባል ዓይነት ነው። 28 ክፍሎች ተደርድረውበታል፤ እያንዳንዱ 7.2 ቮልት ስለሆነ ድምሩ 201.6 ቮልት ይመጣል። እነዚህ 28 ክፍሎች እንደ ሶላት ሰፍ ጎን ለጎን የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲደክም ሁሉም በሱ ልክ ይደክማሉ። ባትሪው የሚቀዘቅዘው ከኋላ ወንበር ጎን ባለች ቀዳዳ በሚገባ አየር ነው። ያቺን ቀዳዳ የልጆች ቦርሳ ወይም ጃኬት ከደፈናት፣ ወይም ማጣሪያዋ በአቧራ ከታፈነ፣ ባትሪው በሙቀት ይጎዳል። የእኛዋ ሲከፈት ምን ተገኘ መሰላችሁ? ፈንዲሻ፣ የፀጉር ማስያዣ፣ ከተበጠሰ ተስቢሕ የፈሰሱ ሰባት ፍሬዎች። የልጆቻችን እናት ተስቢሑን አውቃዋለች፤ ከሦስት ዓመት በፊት የጠፋባት ነው።

በሽታውን መለየት

በማግስቱ ጧት የሄድንበት ጋራዥ (ስሙን መጥራት አያስፈልግም) መኪናዋን ዐሥር ደቂቃ እንኳ ሳያይ «ይቺ አበቃላት፣ ሌላ ግዙ» አለን። ሁለተኛው ደግሞ በተቃራኒው ነገሩን አቀለለው። ከ28ቱ አንዱ ክፍል ብቻ ነው የሞተው፤ በ400 ዶላር ቀይሬ እሰጣችኋለሁ አለ። እኛም ርካሹን ወደድን። አሠራናት፤ መብራቷ ጠፋ፤ ደስ አለን። በፌብሩዋሪ 2025፣ ረመዷን ሊገባ አሥር ቀን ያህል ሲቀረው፣ 236,000 ማይል ላይ፣ ያቺው ቀይ ሦስት ማዕዘን ተመልሳ ቦግ አለች።

ለምን? ሃያ ሰባቱ ክፍሎች አብረው የኖሩ፣ አብረው ያረጁ ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱን አንስቶ ሌላ ቢተኩበት ቀጣዩ ደካማ ተራውን ይጠብቃል። አንድ ክፍል ማስቀየር ምናልባት መኪናዋን በሳምንት ውስጥ ለሚሸጥ ሰው ይመቸው ይሆናል፤ እሱም ራሱን የቻለ ነገር አለበት፤ ወደኋላ እንመጣበታለን።

ሦስተኛው መካኒክ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚሠሩ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። ቀድመው የጠየቁን ስለ ባትሪው አልነበረም። «ልጄ፣ የራዲያተሩ ውሃ ይጎድላል? ጧት ስታስነሣት ትንቀጠቀጣለች?» ሲሉ ነበር። ባትሪን የሚያክል ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል ማለታቸው ነው። ከ2010 እስከ 2015 ባለው ሞዴል የተቃጠለውን ጭስ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ኢጂአር የሚባለው መሥመር በጥላሸት ይደፈናል። መካኒኮች እንደሚሉት እንዲህ ሲሆን ሙቀቱ ይበዛና የቴስታታውን ጓርኒሲዮን እስከማቃጠል ይደርሳል። ያኔ ማቀዝቀዣው ውሃ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ምልክቱም መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ ውሃው መጉደሉ፣ ጧት ሞተሩ ሲነሣ መኪናዋ እንደ ወባ በሽተኛ መንቀጥቀጧ፣ ከማርሚታው ነጭ ጭስ መውጣቱ ነው። ጓርኒሲዮኑ በተቃጠለ መኪና ላይ አዲስ ባትሪ መግጠም ማለት ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ውስጥ አዲስ ምንጣፍ ማንጠፍ ማለት ነው።

ሰውየው መሥመሩን ከፍተው አዩት፤ ጥላሸት ነበረበት፤ ለማጽጃ 300 ዶላር ከፈልን። የማቀዝቀዣው ውሃ አልጎደለም። ካንዴላዎቹን አውጥተው ሲያዩ ውሃ የነካው አልነበረም። «ሞተሯ ደህና ናት፤ ባትሪው ነው ያረጀው» አሉ።

እዚህ ላይ ለወጣቶች አንድ ነገር እንበል። ብዙ ሰው ከትልቁ ባትሪ በተጨማሪ ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ መኖሩን አያውቅም። እሷ ስትደክም የዳሽቦርዱ መብራት ሁሉ አንድ ላይ ይበራና ሰውን ያስደነግጣል። በጥቂት ገንዘብ የምትለወጠውን ትንሿን ባትሪ ሳያስመረምር መኪናውን በነፃ ለሰው የሰጠ ወንድም እናውቃለን። ደግሞም፣ ያንን ትልቁን ባትሪ ራሳችሁ ለመፍታት አትሞክሩ። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ሽቦ የሚያልፍበት ሁሉ የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ኃይል አለበት፤ በእኛዋ ሞዴል ውስጥ ኃይሉ እስከ 650 ቮልት ከፍ ይላል። የቤት ሶኬት ነካሁ ብሎ እንደሚስቅ ሰው በዚህ መሳቅ የለም።

የወረቀት ሒሳብ

አዲስ ኦሪጅናል ባትሪ ከነመግጠሚያው 2,600 ዶላር ጠየቁን። ከተለያዩ አሮጌ ባትሪዎች ክፍል ተለቅሞ የታደሰው 1,100 ዶላር ነበር። ዘመዶቻችን ሁሉ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦ «መኪናዋ ብትሸጥ 4,500 አታወጣም፤ 2,600 የምታወጡባት ምን ነክቷችሁ ነው?» የልጆቻችን እናት ወንድም ደግሞ ሰባት ሰው የሚጭን ትልቅ መኪና እንድንገዛ መከረን፤ የሱን ነዳጅ የሚሞላው ማን እንደሆነ ግን አልነገረን።

ይህ አነጋገር ትክክል ይመስላል፤ ግን ሒሳቡ የተሳሳተ ነው። የመጠገኛውን ዋጋ ከመኪናዋ የገበያ ዋጋ ጋር ማወዳደር ጥቅም የሚሰጠው ለሚሸጣት ሰው ነው። ለሚነዳት ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ይህን ባልከፍል በምትኩ ምን እከፍላለሁ?

ይህን ለማወቅ ወደ አንድ የመኪና መሸጫ ሄድን። ሻጩ ጨዋ ወጣት ነው፤ ቡና አቀረበልን። የመኪናውን ዋጋ ስንጠይቀው ግን መልሱ «በወር ስንት ትችላላችሁ?» ነበር። ሦስት ጊዜ ጠየቅነው፤ ሦስት ጊዜ ይህንኑ መለሰ። በመጨረሻ ወረቀቱ ሲወጣ የ2019 ሞዴል ሃይብሪድ 17,000 ዶላር ሆነች። 2,000 ቅድሚያ፣ ቀሪው 15,000 ደግሞ በ60 ወር፣ በዓመት 11 በመቶ ወለድ። በወር 326 ዶላር ማለት ነው። ሒሳብ አስተማሪ ነንና እዚያው ወረቀቱ ጀርባ ላይ አባዛነው፦ 326 በ60 ሲባዛ 19,560። በ15,000 ላይ 4,560 ዶላር ወለድ! ወጣቱ «ሰው ሁሉ የሚያየው ወርሃዊውን ነው» አለን። እውነቱን ነው።

ሌላም አለ። በብድር የተገዛች መኪና ሙሉ ኢንሹራንስ እንዲኖራት አበዳሪው ያስገድዳል፤ ለእኛ ይህ በወር 70 ዶላር ጭማሪ ነበር። በቨርጂኒያ የምንኖረው ደግሞ በመኪናው ዋጋ ልክ በየዓመቱ የንብረት ግብር እንከፍላለን፤ መኪናው በተወደደ ቁጥር ግብሩም ይወደዳል። ግብሩን ትተን ብድሩንና ኢንሹራንሱን ብቻ ብንደምር በወር 396 ዶላር ይመጣል። 2,600ን ለ396 ብናካፍለው ስድስት ተኩል ገደማ ነው። እንግዲህ አሮጌዋ መኪና አዲስ ባትሪ ገብቶላት ሰባት ወር ብቻ ብትሄድ ገንዘቧን መልሳለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ትርፍ ነው። በእርግጥ ብድሩን የጨረሰ ሰው በመጨረሻ ዋጋ ያላት መኪና እጁ ላይ ይቀራል፤ ያንን አንክድም። ያቺም መኪና ግን በዚያን ጊዜ የዐሥራ አንድ ዓመት አሮጊት ናት።

ነዳጁንም አትርሱ። የእኛዋ ሞዴል በመንግሥት መለኪያ በጋሎን 50 ማይል ትሄዳለች፤ እርጅናና ክረምት ተጨምሮበት እኛ 45 እናገኛለን። በዓመት 20,000 ማይል ለሚነዳ ሰው፣ በጋሎን 25 ማይል ከምትሄድ መኪና ጋር ሲነጻጸር ከ350 ጋሎን በላይ ልዩነት አለው። አሮጌ ሃይብሪድን በርካሽ የቤንዚን መኪና የሚለውጥ ወንድም ይህን ሳያሰላ እንዳይፈርም።

ወለዱ ለኛ የገንዘብ ነገር ብቻ እንዳልሆነ አንባብያን ያውቃሉ። ሪባን ሸሽቶ የኖረ ቤተሰብ መኪና ተበላሸ ብሎ በአንድ ፊርማ ሊገባበት አይገባም። «ዘሮ ፐርሰንት» የሚባለው ማስታወቂያም ቢሆን ክፍያ ሲዘገይ የሚጨመር ቅጣት በውሉ ውስጥ ካለ፣ ዑለማ የተለያየ አስተያየት ስላላቸው ውሉን ይዞ የሚያምኑትን ዐሊም መጠየቅ ይበጃል። ሌላው መንገድ እኛ ዘንድ የቆየው ነው፤ እቁብ። እኛ ሃያ ሆነን በወር 500 ዶላር እንጥላለን፤ የወጣለት 10,000 ያነሣል። ወለድ የለውም። ጉዳቱ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አለመታወቁ ነው፤ የኛ ገና አልወጣም ነበር፤ ቢዘገይ ግን ዲሴምበር ላይ ያበቃል። ነገሩ የተፈታልን እዚህ ላይ ነው። ጥያቄያችን «መኪናዋ ምን ያህል ዘመን ትኖራለች?» መሆኑ ቀርቶ «እቁባችን እስኪደርስ አሥር ወር ታደርሰናለች?» ሆነ። ይህን ለመመለስ ሽበታሙ መካኒክ በቂ ናቸው። ኢስቲኻራም ሰግደናል፤ ነገር ግን ኢስቲኻራ የሚሰገደው ተመካክሮና አጣርቶ ሲያበቁ እንጂ ኮፈኑን ላለመክፈት ምክንያት እንዲሆን አይደለም።

ኮዱን ያጠፋንበት ሌሊት

ይህን ክፍል ባንጽፈው ይቀለን ነበር። ወደ ሽበታሙ መካኒክ ከመሄዳችን በፊት፣ ቀይ መብራቷ ለሁለተኛ ጊዜ በበራች በሁለተኛው ቀን፣ መኪና እየገዛ የሚሸጥ አንድ የምናውቀው ሰው ደወለ። «በዚህ ሁኔታ 1,200 አታወጣም። ኮዱን አጥፋው፤ ሁለት ሦስት ቀን አይመለስም። በዚያ መሃል በ4,500 ትሸጣታለህ» አለ። ኮድ ማንበቢያ መሣሪያውን አበደረን። ከዒሻ በኋላ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተቀምጠን መሣሪያውን ሰካነው። «ፒ-ዜሮ-ኤ-ሰማንያ» የሚል ኮድ ወጣ፤ የትልቁ ባትሪ መድከም ምልክት ነው። «አጥፋ» የሚለውን ተጫንን። ቀይዋ ሦስት ማዕዘን ጠፋች። መኪናዋ ፎቶ ተነሣች፤ ማስታወቂያው ወጣ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ወጣት ደወለ። ለቅዳሜ ከሰዓት ተቀጣጠርን።

ቅዳሜ ጧት ለትልልቆቹ ልጆች የሽያጭን ሕግጋት የምናስተምርበት ተራ ነበር። ቀኑን የመረጥነው እኛ አልነበርንም፤ ኪታቡ እዚያ ላይ ደርሶ ነው። ሻጭ የዕቃውን ነውር መግለጽ እንዳለበት፣ ደብቆ ከሸጠ ደግሞ ገዢው የመመለስ መብት እንዳለው፣ ይህም ኺያሩል ዐይብ እንደሚባል አስረዳን። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ የሆነች ተማሪ እጇን አወጣች። «ኡስታዝ፣ ነውሩ ዛሬ ባይታይ፣ ነገ ግን እንደሚታይ ሻጩ ቢያውቅስ?»

መልሱን ነገርናት። ሌላ ምን እንላታለን?

ከሰዓት ወጣቱ መጣ። አዲስ መጤ ነው፤ እንግሊዝኛውም እንደ እኛ የመጀመሪያ ዓመት እንግሊዝኛ ነበር። ሥራ ሊጀምርባት ነው። ባትሪው አርጅቷል፣ ትናንት ኮዱን እኛ ነን ያጠፋነው፣ ባትሪው ካልተለወጠ በቀር በሳምንት ውስጥ ትቆማለች አልነው። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየን። ከዚያም በ1,000 ዶላር ይወስዳት እንደሆነ ስንጠይቀው ባትሪ የሚያስገባበት ገንዘብ እንደሌለው ነግሮን ሄደ። የልጆቻችን እናት ማታ ነገሩን ስትሰማ፣ «ታዲያ ያን ልጅ ሻይ እንኳ ሳታጠጡት ሰደዳችሁት?» ብቻ ነው ያለችን።

በቃሽ የሚባልበት ጊዜ

ሁልጊዜ ማሠራት ይሻላል ማለታችን አይደለም። የ2010 ሞዴል የነበረችው አንድ ወንድማችን የቴስታታ ጓርኒሲዮኗ ተቃጥሎ፣ ባትሪዋም ዘመኑን ጨርሶ፣ ከሥር ያለው ብረት በክረምት ጨው ተበልቶ ነበር። እሷን ማሠራት የሞተን ማስታመም ነበርና ለብረት ሸጣት፤ ደግ አደረገ። ሁለት ትልልቅ በሽታ በአንድ ጊዜ ሲገጥም፣ ወይም ዝገቱ አደጋ ሲደርስ ሰውን የሚጠብቀውን የመኪናውን አካል ሲነካ፣ ክርክሩ ያበቃል። ልጅ የሚጫንበት መኪና ነው። መንገደኛ የሚያመላልሱም የሚሠሩበት ኩባንያ ለመኪና ዕድሜ ያወጣውን ገደብ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ገደቡ ከከተማ ከተማ ይለያያል። ባትሪ ካስገቡ በኋላ በሁለተኛው ወር «ዕድሜዋ አልፏል» መባል ከባድ ነው።

ያገለገለ ሃይብሪድ ለመግዛት የምታስቡም የአምራቹን ዋስትና አትርሱ። ለቶዮታ ሃይብሪድ ባትሪ ከ2020 ሞዴል ወዲህ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል፣ የቀደመው ነው። ከዚያ በፊት ለነበሩት በአብዛኛው ክፍለ ሀገር 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነበር።

አዲስ አበባ ያላችሁ አንባብያን ጉዳያችሁ ከእኛ ይለያል። እዚህ ያሉ ብዙ ወንድሞች አሮጌ መኪናቸውን ወደ አገር ቤት ለመላክ ይመኙ ነበር። በ2020 ባገለገሉ መኪኖች ላይ የኤክሳይዝ ታክሱ ሲከብድ ምኞቱ ቀዘቀዘ፤ በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በእጃችሁ ያለችው ሃይብሪድ ከሆነች የባትሪዋን አየር ማስገቢያ ዛሬውኑ አጽዱላት፤ የሚቀጥለው ምርጫችሁ ሰፊ አይደለም።

እኛ አዲሱን ባትሪ ያስገባነው በረመዷን የመጀመሪያ ሳምንት ነው። 1,000 ዶላሩን አንድ ወንድም በቀርድ ሐሰን አበደረን፤ ዒድ አል-አድሓ ሳይደርስ መለስንለት። የታደሰውን ባትሪ ያልገዛነው በ400 ዶላሩ ስለተማርን ነው። የእቁቡ ዕጣ በኦገስት ወጣልን፤ 10,000 ዶላር። መኪናዋ ግን ይህን ስንጽፍ 248,000 ማይል ላይ ናት፤ ጧት ስትነሣ አትንቀጠቀጥም፤ የራዲያተሩም ውሃ አልጎደለም። ትልቋ ልጃችን በየጁሙዓው ውሃውን እያየች በደብተር ላይ ትጽፋለች። ስለዚህ ገንዘቡ ሳይነካ ተቀምጧል፤ ዓመት ከሞላው ዘካው ይወጣል። አየር ማስገቢያዋ ላይ ቦርሳ ያስቀመጠ ልጅ የዚያን ዕለት ዕቃ ያጥባል። እስካሁን ብዙ ያጠበው ትንሹ ነው።